ዕቃው ሳይጎድል ሐዲድ መቀየር፦ ከዊንዶውስ 10 ወደ ሊኑክስ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ማሽኑ መሥራቱን አይተውም፤ የጥበቃ ማሻሻያ ካልደረሰው ግን ለአደጋ ይጋለጣል። ብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ደግሞ ዊንዶውስ 11ን አይቀበሉም። ታዲያ እንጣላቸው እንዴ? የለም፤ እንደ ኡቡንቱ ያለ በነፃ የሚገኝ ሊኑክስ አለ።

የድሬዳዋችንን ባቡር እናስብ። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር ነው። የድሮው ፉርጎ በአዲሱ አይሄድም፤ ጭነቱ ግን ተራግፎ ይሻገራል። ፕሮግራሙ ፉርጎ ነው፤ የትምህርት ዕቅዳችንና የተማሪው ውጤት ጭነት ናቸው።

ስለዚህ፦
1ኛ/ ፋይሉን በሁለት ፍላሽ መገልበጥ፤
2ኛ/ ሊኑክስን ሳይጭኑ ከፍላሽ አስነስቶ መሞከር፤
3ኛ/ የአማርኛ መጻፊያውንና ፕሪንተሩን ማረጋገጥ፤
4ኛ/ ከዚያ በኋላ መጫን።

ሳያራግፍ የቸኮለ ሰው የዓመት ልፋቱ በአንድ ጠዋት ይደመሰስበታል።