ትልቅ ጎማ በደቡብ ኦሞ መንገድ፦ ፊዚክስ ምን ይላል?

ከአርባ ምንጭ ተነስቶ በኮንሶ በኩል ወደ ጂንካ የሚጓዝ ሰው ከሚያጋጥሙት የመስክ መኪናዎች መካከል ፋብሪካው ከገጠመላቸው የሚበልጥ ጎማ ያጠለቁ አይታጡም። ባለቤቶቹ ምክንያት አላቸው። ከኮንሶ እስከ ጂንካ መንገዱ አስፋልት ቢሆንም ከዋናው መንገድ ወጣ ሲሉ ወደ ማጎ ብሔራዊ ፓርክ ሜዳ፣ ወደ ቱርሚና ወደ ኦሞራቴ አካባቢ መንደሮች የሚያደርሱት መንገዶች በበጋ አሸዋማ የወንዝ ወለል፣ በዝናብ ወራት ደግሞ ጥቁር መረሬ አፈር ናቸው። ትልቅ ጎማ መኪናውን ከፍ ያደርገዋል፣ ከመስመጥም ያድነዋል ተብሎ ይታመናል። ሦስተኛው ምክንያት ግርማ ሞገስ ነው፤ በእሱ ላይ ፊዚክስ የሚለው ነገር የለም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ግን በወረቀትና በእርሳስ መመርመር ይቻላል። ለዚህም ከአሥረኛ ክፍል ፊዚክስ ብዙም የማይርቅ ዕውቀት ይበቃል።

በጎማው ጎን ላይ የታተመው ቁጥር

የፋብሪካው ጎማ 265/70አር16 ነው እንበል። 265 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው። 70 የጎማው ጎን ቁመት ከወርዱ ሰባ በመቶ መሆኑን ያመለክታል። 16 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ሲሆን፣ በመካከል ያለችው «አር» ራዲያል የተባለውን የጎማ አሠራር ትገልጻለች። አንድን ዕቃ ለመለካት ሚሊ ሜትርን፣ መቶኛንና ኢንችን በአንድ መስመር መደባለቅ ለፊዚክስ መምህር ደስ የሚል ነገር አይደለም፤ ዓለም የተስማማበት ስለሆነ ግን እንቀበለዋለን።

የቸርኬው ዲያሜትር 16 × 25.4 = 406.4 ሚሊ ሜትር ነው። የጎኑ ቁመት 265 × 0.70 = 185.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ከላይም ከታችም ስላለ በሁለት ተባዝቶ 371 ይሆናል። የጎማው ጠቅላላ ዲያሜትር እንግዲህ 777.4 ሚሊ ሜትር ነው። በእሱ ፋንታ 285/75አር16 ቢገጠም ተመሳሳዩ ስሌት 833.9 ሚሊ ሜትር ይሰጠናል። ዲያሜትሩ በ7.3 በመቶ አደገ።

የመኪናው ሆድ ከመሬት የሚርቀው ግን ሬዲየሱ ባደገበት ልክ ብቻ ነው፤ እርሱም 2.8 ሴንቲ ሜትር ነው። ለዚህ ሁሉ ወጪ የተገኘው ከፍታ ከአንድ አውራ ጣት ወርድ ጥቂት ቢበልጥ ነው። እርግጥ ይህን ቁጥር መናቅ አይገባም። ወጥ አክስል ባላቸው መኪናዎች ሞላው ወይም ባሌስትራው በረዥም ቢተካ ከፍ የሚለው የመኪናው አካል እንጂ የዲፈረንሻሉ ቤት አይደለም። ዲፈረንሻሉን ከድንጋይ የሚያርቀው ጎማው ብቻ ነው። ድንጋያማ መንገድ ለሚያዘወትር ሰው 2.8 ሴንቲ ሜትር ዋጋ አለው።

ከመስመጥ የሚያድነው ምንድን ነው?

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ያከራክራል። የመኪናው ክብደት 2,500 ኪሎ ግራም ነው፣ በአራቱም ጎማዎች ላይ እኩል ተከፋፍሏል ብለን እናስብ። እያንዳንዱ ጎማ 625 ኪሎ ግራም፣ ማለትም ወደ 6,130 ኒውተን ይሸከማል። በጎማው ውስጥ ያለው የአየር ግፊት 240 ኪሎ ፓስካል ይሁን፤ ይህ ጎሚስታዎች 35 ፒኤስአይ የሚሉት መጠን ነው። ጎማውን እንደ ፊኛ ከቆጠርነው፣ መሬቱን የሚነካው ስፋት ሸክሙ ለግፊቱ ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ 6,130 ÷ 240,000 = 0.0255 ካሬ ሜትር፣ ወይም 255 ካሬ ሴንቲ ሜትር።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ስሌቱን መልሶ ይመልከት። የጎማው ዲያሜትር የት ገባ? የትም አልገባም። ወርዱም አልገባም። በተመሳሳይ ግፊት የተነፉ ትንሽና ትልቅ ጎማዎች መሬቱን የሚጫኑት በተመሳሳይ ስፋትና በተመሳሳይ ግፊት ነው። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው መጀመሪያ አያምኑኝም፤ ዓይን ትልቁን ጎማ አይቶ ትልቅ አሻራ ይጠብቃልና።

አሁን ጎማውን ሳንቀይር ቫልቮላውን ከፍተን ግፊቱን ወደ 120 ኪሎ ፓስካል እናውርደው። ስፋቱ 511 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ እጥፍ ማለት ነው። እውነተኛ ጎማ ፊኛ ስላልሆነና ጠንካራ ጎኖቹ የሸክሙን ከፊል ራሳቸው ስለሚሸከሙ ስፋቱ በትክክል እጥፍ አይሆንም። ሆኖም ለውጡ ከፍተኛ ነው፤ ጭማሪውም በአብዛኛው የሚሄደው ወደ አሻራው ርዝመት ነው፤ ለአሸዋ የሚፈለገውም እርሱ ነው። በቱርሚ አጠገብ እንዳለው እንደ ካስኬ ወንዝ ያለ ደረቅ የአሸዋ ወለል ለማቋረጥ የሚረዳው ዋናው መሣሪያ እንግዲህ ምንም ወጪ የሌለው አየር ማስተንፈስ ነው።

ለትልቁ ጎማ ፍትሐዊ እንሁን። ሁለት ጎማዎች በእኩል መጠን ቢጨፈለቁ የአሻራቸው ርዝመት በሬዲየሳቸው ዳግም ዘር ልክ ይለያያል። የ7.3 በመቶ ጭማሪ ዳግም ዘር 3.6 በመቶ ግድም ነው። በአንድ በኩል 3.6 በመቶ፣ በሌላ በኩል እጥፍ ገደማ፤ ማነጻጸሩን ለአንባቢ እተዋለሁ። ትልቁ ጎማ የበለጠ አየር ስለሚይዝ ግፊቱ ሲቀነስ ቸርኬው መሬት እስኪነካ ድረስ ያለው ርቀትም ይበልጣል፤ ይህም እውነተኛ ጥቅም ነው።

ማስተንፈስ ግን የራሱ ሕግ አለው። የተነፈሰ ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ በእያንዳንዱ መታጠፍም ጥቂት ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። በዝግታ ሲነዳ ሙቀቱ ወደ አየር ይበተናል፤ በፍጥነት ሲነዳ ግን ተከማችቶ ጎማውን ከውስጥ ይበጣጥሰዋል። ስለዚህ ከአሸዋው እንደወጡ፣ አስፋልቱ ላይ ፍጥነት ከመጨመር በፊት፣ መልሶ መንፋት ግዴታ ነው። መንፊያ ያልያዘ ሰው ማስተንፈስ የለበትም። ብዙ ሰውና ዕቃ የጫነ መኪናም ባዶውን መኪና ያህል መተንፈስ አይችልም።

ጭቃ ደግሞ ከአሸዋ ይለያል። ከሥሩ ጠንካራ ወለል ያለው ስስ ጭቃ ከሆነ ቀጭን ጎማ ቆርጦት ወርዶ ጠንካራውን ስለሚነካ ከሰፊው ይሻላል። ጥልቅ መረሬ ላይ ግን ከሁሉም የሚሻለው ፀሐይን መጠበቅ ነው። በአካባቢው ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሚጥል ጉዞን ከዚያ አንጻር ማቀድ ከየትኛውም ጎማ ይረክሳል።

ከአዲስ አበባ እስከ ኦሞራቴ

ስለ ግፊት ካነሳን አይቀር አገራችን ያዘጋጀችልንን አንድ ጥሩ ጥያቄ እንመልከት። አዲስ አበባ ላይ፣ በ2,400 ሜትር ከፍታና በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ 240 ኪሎ ፓስካል የተነፋ ጎማ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የኦሞራቴ አካባቢ በ35 ዲግሪ ሲደርስ መለኪያው ምን ያሳያል? ብዙዎች «ሙቀት ስለጨመረ ግፊቱ ይጨምራል» ብለው ይመልሳሉ። የጎሚስታው መለኪያ የሚያነበው ግን በጎማው ውስጥና በውጭ ባለው ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። የአዲስ አበባ አየር ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ያህል ስለሆነ በጎማው ውስጥ ያለው ፍጹም ግፊት 316 ነው። ሙቀቱ ከ288 ወደ 308 ኬልቪን ሲወጣ 338 ገደማ ይደርሳል። በኦሞራቴ ግን የውጭው አየር ግፊት ራሱ ወደ 97 አድጓል። 338 ሲቀነስ 97፣ 241 ነው። ሙቀቱ የጨመረውን የመሬቱ ዝቅታ ወሰደው፤ መለኪያው አልተንቀሳቀሰም ማለት ይቻላል።

ይህ የሚሠራው መኪናው ቆሞ ለቀዘቀዘ ጎማ ነው። ከመንገድ እንደደረሰ የጋለ ጎማ ብዙ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል፤ ያንን አይቶ ማስተንፈስ ጎማውን ለማግሥቱ ጎድሎ እንዲያድር ማድረግ ነው።

የማይታየው ፍጥነት

የመኪና ፍጥነት መለኪያ የሚቆጥረው ዙርን ነው። ጎማው ስንት ጊዜ እንደዞረ ያውቃል፤ በአንድ ዙር ስንት ሜትር እንደተሄደ ግን ፋብሪካው ከነገረው ውጪ ሊያውቅ አይችልም። ጎማው በ7.3 በመቶ ካደገ ለፋብሪካው ጎማ በትክክል የተስተካከለ መለኪያ 80 ሲል መኪናው በሰዓት 85.8 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው።

ስድስት ኪሎ ሜትር ምን ያደርጋል? ደቡብ ኦሞ የአርብቶ አደር አገር ነው፤ ከብትና እረኛ መንገድ ማቋረጣቸው የዕለት ተዕለት ነገር ነው። በኮረኮንች መንገድ ላይ የሰበቃው ቁጥር 0.5 ይሁን። ፍሬን ከተያዘበት ቅጽበት ጀምሮ መኪናው ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት የፍጥነቱ ካሬ፣ ለሁለት ጊዜ የሰበቃው ቁጥርና ለመሬት ስበት ሽምጠጣ ብዜት ሲካፈል የሚገኘው ነው። በ80 የሚሄደው በ50 ሜትር ይቆማል። በ85.8 የሚሄደው 58 ሜትር ይፈልጋል። አንድ ሕፃን ከፊቱ 50 ሜትር ላይ ቢቆም፣ የመጀመሪያው መኪና ከልጁ ፊት ደርሶ ይቆማል። ሁለተኛው እዚያው ቦታ ሲደርስ ገና በሰዓት 31 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው። ሁለቱም አሽከርካሪዎች መለኪያቸው ላይ ያዩት 80 ነበር።

አምራቾች የፍጥነት መለኪያን ከእውነተኛው ጥቂት አብልጦ እንዲያሳይ አድርገው ስለሚሠሩት የስህተቱ ከፊል ሊሸፈን ይችላል። ምን ያህሉ እንደተሸፈነ ግን በግምት አይታወቅም፤ ቀጥ ባለ ጎዳና ላይ አጠገብ የተቀመጠ ሰው በስልኩ የጂፒኤስ ፍጥነት ቢያመሳክር በአምስት ደቂቃ ይታወቃል።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም በዚያው ልክ ይዋሻል፤ 200 ኪሎ ሜትር ተሂዶ 186 ይጽፋል። «ትልቅ ጎማ ካስገባሁ ወዲህ ናፍጣ ይበላል» የሚሉ ሰዎች ከቅሬታቸው አንዱን ክፍል ያመጣው ይህ ቆጣሪ ነው። የተሄደውን ርቀት በ1.073 ሳያባዙ ፍጆታን ማነጻጸር ዋጋ የለውም።

ጥፋቱ ጣሪያው ላይ ነው

ትልቅ ጎማ መኪና ይገለብጣል ይባላል። እውነት አለበት፤ ነገር ግን ሌላ ትልቅ ጥፋተኛ ተሸፍኖ ቀርቷል። አንድ መኪና በኩርባ ላይ ለመገልበጥ ያለው መቋቋም በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት ለክብደት ማዕከሉ ከፍታ እጥፍ ሲካፈል ይገኛል። ርቀቱ 1.5 ሜትር፣ የክብደት ማዕከሉ 75 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሆን ውጤቱ 1.00 ነው። ትልቁ ጎማ ማዕከሉን በ2.8 ሴንቲ ሜትር አንስቶ ወደ 0.96 ያወርደዋል።

አሁን የፋብሪካውን ጎማ መልሰን በጣሪያው ላይ 150 ኪሎ ግራም እንጫን፤ ናፍጣ የሞላባቸው ጀሪካኖች፣ ድንኳን፣ ሁለት ትርፍ ጎማዎች። የጭነቱ ማዕከል ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የጠቅላላው ማዕከል ወደ 82 ሴንቲ ሜትር ይወጣል፤ መቋቋሙም 0.91 ይሆናል። ጭነቱ ከጎማው ከሁለት እጥፍ በላይ ጎዳ። ሁለቱም አንድ ላይ ሲሆኑ 0.88 እንደርሳለን። የደረቅ አስፋልት የሰበቃ ቁጥር 0.8 አካባቢ ነው። መቋቋሙ ከዚህ እስከበለጠ ድረስ መኪናው ከመገልበጡ በፊት ይንሸራተታል፤ መንሸራተት ደግሞ ከመገልበጥ ይሻላል። ሞላው በኩርባ ላይ ወደ ውጭ ስለሚያጋድል ግን እውነተኛው መቋቋም ከስሌታችን ያንሳል፤ የቀረችው ክፍተትም ቶሎ ታልቃለች። ጀሪካኖቹን ከጣሪያ አውርዶ ወለሉ ላይ ማሰር ከጎማ ክርክሩ ሁሉ የሚበልጥ ሕይወት አድን ሥራ ነው።

ሞተሩና የጎማው ክብደት

የቀሩትን ባጭሩ እናንሳ። ሞተሩ የሚያመነጨው ቶርክ መሬት ላይ የሚገፋ ኃይል የሚሆነው ለጎማው ሬዲየስ ተካፍሎ ነው፤ ስለዚህ ገፊው ኃይል በ6.8 በመቶ ይቀንሳል። ተርቦ በሌለው ናፍጣ ሞተር ላይ ደግሞ በጂንካ ከፍታ፣ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ የአየሩ እፍግታ ከባሕር ጠለል በ14 በመቶ ያንሳል። ከወይጦ ሸለቆ ወደ ቀይ አፈር የሚወጣውን ዳገት የሚያውቅ አሽከርካሪ ማርሽ ቀድሞ መቀነስ እንዳለበት ይሰማዋል።

የጎማው ክብደትስ? ክብደቱ በዙሪያው የተሰበሰበ ቀለበት ሲንከባለል ወደፊትም ይሄዳል፣ ይዞራልም፤ የእንቅስቃሴ ጉልበቱ ዝም ብሎ ከተጫነ ዕቃ እጥፍ ነው። እያንዳንዱ ጎማ ስድስት ኪሎ ግራም ቢጨምር አራቱ 24 ኪሎ ግራም ይጨምራሉ፤ ሞተሩ የሚሰማው ግን 48 ያህል ነው። ይህ ከ2,500 አንጻር ሁለት በመቶ ስለሆነ ሰው እንደሚያወራው አያስፈራም።

ትርፍ ጎማው ግን ያሳስበኛል። አራቱ ተለውጠው ትርፉ በድሮው መጠን ከቀረ፣ በተቆለፈ አራት ጎማ መንዳት ላይ የተለያየ ሬዲየስ ያላቸው ጎማዎች በእኩል ዙር እየተገደዱ ማርሾቹን ያስጨንቃሉ። አምስተኛውንም መለወጥ ያስፈልጋል።

ለተማሪዎች የምትሆን ሙከራ

በረባዳ ሜዳ ላይ በጎማው ጎንና ከሥሩ ባለው መሬት ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። አሽከርካሪው ቀጥ ብሎ በዝግታ አሥር ዙር እንዲነዳ አድርገው የተሄደውን ርቀት በሜትር ይለኩና ለአሥር ያካፍሉ። ለ265/70አር16 ከፓይና ከዲያሜትሩ ብዜት የሚጠበቀው 2.44 ሜትር ነው፤ የሚያገኙት ግን ጥቂት ያነሰ ይሆናል። ከዚያ ግፊቱን ወደ ግማሽ አውርደው ይድገሙት። የቸርኬው መሐል ወደ መሬት በጉልህ ሲቀርብ፣ በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት ግን ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ለውጥ ብቻ ያሳያል። በራዲያል ጎማ ውስጥ ዙሪያውን የተጠመጠመ የማይለጠጥ የብረት ቀበቶ አለ። ከዚህ ፍንጭ ተነስተው ምክንያቱን ራሳቸው ያስረዱ።