የሚሞላ የእጅ ሰዓት

ከጎረቤቶቻችን አንዱ አምና ጤፉን ሸጦ ከገበያ የእጅ ሰዓት ገዛ። ሰዓቱ የድሮ ሰዓት ይመስላል። ፊቱ ነጭ፣ ማሰሪያው ቆዳ ነው። ሻጩ «ይህ የሚሞላ ነው፤ ባትሪ አይፈልግም» አለው። ጎረቤታችንም የአባቱን ሰዓት ስላስታወሰው የተጠየቀውን ከፈለ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መሙያውን እያዞረ ይሞላው ነበር።

ዓመት ሳይሆነው ሰዓቱ ቀጥ አለ። ወደ ሰዓት ሠሪ ወሰደው። ሰዓት ሠሪው ጀርባውን ከፍቶ ያለቀች ባትሪ አወጣና፣ «ወንድሜ፣ በየማለዳው የምትሞላው ምኑን ነው?» አለው።

ነገሩ ያስቃል። ነገር ግን ጎረቤታችን የከፈለው የሚሞላ ሰዓት ዋጋ ነው፤ ያገኘው የባትሪ ሰዓት ነው። ልዩነቱ ላቡ ነው። እኛም እንዲህ እንዳንታለል የሚሞላ ሰዓት ምን እንደሆነ እንወቅ።

ሰዓቱ እንዴት ይሠራል?

በሚሞላ ሰዓት ሆድ ውስጥ የተጠቀለለ ቀጭን የብረት ሞላ አለ። መሙያውን ስናዞር ሞላው ይጠብቃል። ከዚያ ቀስ በቀስ ሲፈታ፣ ጥርስ ያላቸውን ትንንሽ ጎማዎች ይገፋል። ጎማዎቹም የሰዓቱን ዘንጎች ያዞራሉ።

ታዲያ ሞላው ባንድ ጊዜ ተፈቶ እንዳያልቅ ምን ይይዘዋል? ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ትንሽ ቀለበት አለ። ቀለበቱ ሄዶ በተመለሰ ቁጥር ከጎማው አንድ ጥርስ ብቻ ያልፋል። የምንሰማው «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከዚህ የሚመጣ ነው። ለዚህ ቀለበት ጠመዝማዛ ሞላ አበጅቶ ሰዓት ያሠራው የሆላንዱ ሊቅ ክርስቲያን ሁይገንስ ነው። ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1675 ነበር።

አውቶማቲክ የሚባለው ሰዓትም ከዚሁ ወገን ነው። በውስጡ እንደ ግማሽ ጨረቃ ያለ ክብደት አለው። ክንዳችን ሲንቀሳቀስ ክብደቱ ይዞርና ሞላውን ይሞላዋል።

ባትሪ ሲመጣ

እ.ኤ.አ. በ1969 ዓ.ም. መጨረሻ ሴይኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ አስትሮን የተባለ የባትሪ የእጅ ሰዓት ቶኪዮ ላይ ለገበያ አወጣ። ዋጋው ያን ጊዜ የአንዲት ትንሽ መኪና ያህል ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግን የባትሪ ሰዓት እጅግ ረከሰ። የሚሞላ ሰዓት የሚሠሩ ፋብሪካዎች ብዙዎቹ ተዘጉ። ስዊዘርላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ 90,000 ያህል የሰዓት ሠራተኞች ነበሩ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ግን 30,000 ያህል ብቻ ቀሩ።

ህንድ ደግሞ ኤች. ኤም. ቲ. የሚባል የመንግሥት ድርጅት ነበራት። እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ባንጋሎር ከተማ ውስጥ የእጅ ሰዓት ይሠራ ነበር። አንዱ የሚሞላ ሰዓቱ «ጃናታ» ይባላል፤ ትርጉሙም «ሕዝብ» ማለት ነው። የህንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2016 የሰዓት ሥራው እንዲዘጋ ወሰነ።

ይሁን እንጂ የሚሞላ ሰዓት ፈጽሞ አልጠፋም። ዛሬም የድሮውን መልክ የሚወዱ ሰዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ፋብሪካዎች የድሮ መልክ ያላቸውን አዳዲስ ሰዓቶች ይሠራሉ። ሴይኮ 5 የተባለው አውቶማቲክ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣ ሲሆን በ2019 ታድሶ እንደገና ቀርቧል። ኦሪየንት የተባለው የጃፓን ሰዓት ሠሪም መስታወቱ ጎበጥ ያለ፣ ባምቢኖ የሚባል ሰዓት አለው። እነዚህ ከውዶቹ የስዊስ ሰዓቶች ጋር ሲተያዩ ርካሽ ናቸው። ለእኛ ኪስ ግን ቀላል አይደሉም። ስለዚህ ከመክፈላችን በፊት እንመርምር።

እንዴት እንለያለን?

1ኛ. ሰከንድ የሚቆጥረውን ቀጭን ዘንግ እንመልከት። የባትሪ ሰዓት ዘንግ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ አንዴ ዘለል ይላል። የሚሞላው ግን በሰከንድ 5 ወይም 6 ጊዜ ያህል ትንንሽ እርምጃ ስለሚራመድ የሚንሸራተት ይመስላል።

2ኛ. ሰዓቱን ጆሯችን ላይ እናድርግ። የባትሪው ድምፅ አንድ፣ አንድ እያለ ይሄዳል። የሚሞላው ፈጣን ነው።

3ኛ. መሙያውን እናዙር። በእጅ የሚሞላ ከሆነ ሞላው እየጠበቀ ሲሄድ ለጣታችን ይታወቃል። እንዲሁ ባዶውን የሚዞር ከሆነ እንጠርጥር። አንዳንድ አውቶማቲክ ሰዓት በመሙያው አይሞላም፤ ወዘወዝ ሲያደርጉት ግን ይነሣል።

4ኛ. ፊቱ ላይ በፈረንጅ ፊደል «ኳርትዝ» ተብሎ ከተጻፈ የባትሪ ነው። የፈረንጅ ፊደል የሚያውቅ ተማሪ ልጅ ካለን አብሮን ገበያ ይውጣ። መጠየቅ አያሳፍርም።

ሰዓቱና የአገራችን አቆጣጠር

እኛ ጠዋት 1 ሰዓት ስንል በፈረንጅ አቆጣጠር 7 ነው። ዘንጎቹን በአገራችን አቆጣጠር ብናስተካክል ሰዓቱ ምንም አይሆንም። ቀን የሚያሳይ ሰዓት ግን ጥቂት ዘዴ ይፈልጋል። ቀኑ ማታ 12 ሰዓት ላይ የሚለወጥ ከሆነ ዘንጎቹን 12 ሰዓት ወደፊት እናዙራቸው። ከዚያ በኋላ ንጋት ላይ ይለወጣል።

ሰዓቱ እስከ 31 ይቆጥራል፤ የእኛ ወር ግን 30 ነው። ስለዚህ ወር በገባ ቁጥር ከ31 ወደ 1 እናሳልፈው። ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ስለሆነች፣ መስከረም ሲጠባም ወደ 1 እንመልሰው። ቀኑን በምንለውጥበት ጊዜ ዘንጎቹ በ12 አካባቢ አይሁኑ፤ ጥርሶቹ ሊሰበሩ ይችላሉ። አስቀድመን ወደ 6 ማውረድ ይሻላል።

የትኛው ይሻለናል?

እውነቱን እንናገር። ለትክክለኛነት የባትሪው ይበልጣል። አንድ ደህና የባትሪ ሰዓት በወር የሚሳሳተው 15 ሰከንድ ያህል ነው። የሚሞላው በአንድ ቀን ብቻ ከዚያ በላይ ሊሳሳት ይችላል። ባትሪ በቅርብ የሚገኝ ከሆነ የባትሪው ይበቃናል። ባትሪ ሩቅ ከሆነና ጥሩ ሰዓት ሠሪ በአቅራቢያችን ካለ ግን የሚሞላው ይጠቅመናል። በደንብ ከያዝነው ለልጅ ይተርፋል።

አያያዙም ከባድ አይደለም። በእጅ የሚሞላውን በየቀኑ በአንድ ሰዓት እንሙላው፤ ሲጠብቅ እናቁም። ስንቆፍርና እንጨት ስንፈልጥ እናውልቀው። ማግኔት ካለበት ነገር፣ ለምሳሌ ከሬዲዮ ድምፅ ማጉያ እናርቀው። በየጥቂት ዓመቱ ሰዓት ሠሪ ይጥረገው፤ ዘይትም ያድርግለት።

ጎረቤታችን አሁን ባትሪውን አስለውጦ ሰዓቱን ያስራል። ገበያ ሲወጣ ግን የሰው ሰዓት ሳይቀር ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል።

ጥያቄዎች

1. ጎረቤታችን የተታለለው በምን ምክንያት ነው?
2. የሚሞላ ሰዓት ሞላ ባንድ ጊዜ የማይፈታው ለምንድን ነው?
3. የሚሞላውን ሰዓት ከባትሪው የምንለይባቸውን 3 መንገዶች ተናገሩ።
4. እናንተ በምትኖሩበት አካባቢ የሚሻለው የትኛው ሰዓት ነው? ለምን?