ወንድ ልጅና ሴት ልጅ በጉርምስና ዘመን

ሕፃን በተወለደበት ቤት ደጃፍ የደረሰ ጎረቤት አስቀድሞ የሚጠይቀው ወንድ ነውን ወይስ ሴት የሚለውን ነው። በብዙ ቦታ ደግሞ ጥያቄው ሳይጠየቅ መልሱ ይሰማል፤ እልልታው ሰባት ጊዜ ከተደጋገመ ወንድ፥ ሦስት ጊዜ ከሆነ ሴት መሆኗ ይታወቃልና። ከዚያም ወንዱ በአርባ ቀኑ፥ ሴቲቱ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። እንግዲህ ልጅ ራሱን ገና ሳያውቅ፥ ስለ ወንድነቱ ወይም ስለ ሴትነቱ በዙሪያው ያሉት ሰዎች ብዙ ነገር ወስነው ይቆዩታል። ይህን ከሰዎች ተቀብሎ የራሱ የሚያደርገው እንዴት ነው? በጉርምስናውስ ዘመን ምን ይገጥመዋል? ከጉዳትስ የሚጠብቀው ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ የሥነ ልቡናና የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪዎችን ለብዙ ዓመታት ሲያደክም ኖሯል። እኛም ለአንባቢዎቻችን፥ ይልቁንም ለነፍስ አባቶችና ለወላጆች፥ ከምርምሩ ጥቂቱን ልናካፍል አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ሎውረንስ ኮልበርግ በ1966 ዓ.ም. እንዳስረዳው፥ ልጅ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን የሚያውቀው በአንድ ጊዜ አይደለም። በሁለትና በሦስት ዓመቱ ወንድ ነኝ ወይም ሴት ነኝ ማለትን ይማራል፤ ነገር ግን ጠጉር ቢረዝም ወይም ልብስ ቢለወጥ ይህም አብሮ የሚለወጥ ይመስለዋል። ጸንቶ የሚኖር ነገር መሆኑን የሚረዳው ስድስትና ሰባት ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። ከዚያ ወዲያ ወንድ ምን ያደርጋል፥ ሴትስ ምን ታደርጋለች እያለ በዓይኑ ይመረምራል። አባቱንና እናቱን፥ መምህሩንና ካህኑን የሚመለከተው ስለዚህ ነው። እኛ ምንም አላስተማርነውም ብለን ስንዘናጋ እርሱ ትምህርቱን ጨርሶ ይገኛል።

ትምህርቱ እጅግ የሚጠነክረው ከዐሥር እስከ ዐሥራ አራት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። በአሜሪካ የሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሮበርት ብለም ከዓለም የጤና ድርጅትና ከሌሎችም ተቋማት ጋር ሆነው፥ በዚህ ዕድሜ ያሉ 450 ያህል ልጆችንና አሳዳጊዎቻቸውን በ15 አገሮች አነጋግረው ያገኙትን በ2017 ዓ.ም. አሳትመዋል። ልጆቹ ከናይሮቢም ከሻንጋይም፥ ከባልቲሞርም ከግብፅም ነበሩ። ሀብታቸው፥ ቋንቋቸውና ሃይማኖታቸው የተለያየ ሲሆን የሰሙት ትምህርት ግን በብዙው አንድ ሆኖ ተገኘ፤ ይኸውም ሴት ደካማ ናትና ትጠበቅ፥ ወንድ ብርቱ ነውና ይለቀቅ የሚል ነው። ከዚህም የተነሣ አካሏ መለወጥ ሲጀምር የሴቲቱ ዓለም ይጠብባታል፤ መውጫና መግቢያዋ ይቆጠራል፥ ከትናንት የጨዋታ ጓደኛዋ ጋር መነጋገሯ በክፉ ይታያል። የወንዱ ዓለም በአንጻሩ ይሰፋለታል፤ ውሎውንና አዳሩን የሚጠይቀው ያጣል።

ኢትዮጵያ ከነዚያ 15 አገሮች መካከል አልነበረችም። ዳሩ ግን ይህን ያነበበ ሰው ስለ ገዛ ቀበሌው የተጻፈ ቢመስለው አያስደንቅም። ሴት ልጅ ውኃ ቀድታ ስትዘገይ እናት ደጅ ወጥታ ታያለች፤ ወንድ ልጅ አምሽቶ ሲገባ ግን ጎርምሷል ተብሎ ይታለፋል። ወንድ ልጅ አያለቅስም የሚለውም አነጋገር በየቤቱ አለ። ከሁለቱ አንዱ ብቻ የተጎዳ አይምሰለን። ሴቲቱ ትምህርቷን ትታ ወደ ትዳር እንድትገፋ የምታደርጋት ያችው መጠበቋ ናት፤ ወንዱም ወደ ጠብ፥ ወደ መጠጥና ወደ አደጋ የሚሄደው በዚያው በመለቀቁ ነው። የከፋው ደግሞ ልቡ በተሰበረ ጊዜ የሚነግረው ሰው አለማግኘቱ ነው፤ ብርቱ ነህ የተባለ ልጅ ደከምሁ ማለትን አይችልምና።

እንግዲህ አጥብቆ መጠበቅም ፈጽሞ መልቀቅም ካልበጀ፥ የሚበጀው ምንድን ነው? በ1993 ዓ.ም. የአሜሪካ ኮንግረስ የወጣቶች ጤና በሰፊው እንዲጠና አዝዞ ነበር። በዚሁ መሠረት ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የሚማሩ 12,118 ልጆች በየቤታቸው ተጠየቁ፤ የመጀመሪያውንም ውጤት የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ማይክል ሬስኒክና ባልደረቦቹ በ1997 ዓ.ም. አወጡት። የልብ ጭንቀትን፥ ራስን ለመግደል ማሰብን፥ ጠብና ድብደባን፥ ሲጋራን፥ መጠጥንና ማሪዋናን፥ እንደዚሁም ያለ ዕድሜ ሩካቤን መረመሩ። ልጁ ወላጆቼ ይወዱኛል፥ እፈለጋለሁ፥ ቅርቤ ናቸው ብሎ ማመኑ፥ በትምህርት ቤቱም የሚያቀርበው ማግኘቱ ከነዚህ ሁሉ እንደሚጠብቀው ታየ። አልታየም የተባለው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም እርግዝና ነው። ወላጅ ጠዋት፥ ከትምህርት መልስ፥ በእራትና በመኝታ ሰዓት በቤት መገኘቱም ጠቃሚ ነበር፤ ነገር ግን ኃይሉ ከመቀራረቡ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በአንድ ጣራ ሥር ማደር ብቻውን ቅርበት አይደለም ማለት ነው። ከሥራ መጥቶ ዝም ብሎ የሚቀመጥ አባት ብዙ ነው፤ ይህን ስንጽፍ ራሳችንንም ከነቀፌታው አላወጣንም።

እርግጥ ነው፥ እንዲህ ያለው ጥናት የሁለት ነገሮችን አብሮ መገኘት ያሳያል እንጂ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ ብቻውን አይፈርድም። አስቀድሞ የተጨነቀ ልጅ ከወላጆቹ ሊርቅ ይችላል፤ እኛም ርቀቱን የጭንቀቱ ምክንያት አድርገን ልንቈጥረው እንችላለን። ስለዚህ ይህን ነጥብ ለመለየት አንድ ነገር አድርጎ፥ ካልተደረገበት ቦታ ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ሙከራ ደግሞ የተደረገው ሩቅ አገር ሳይሆን በአማራ ክልል በሞሰቦ ነው።

ብርሃነ ሔዋን የተባለው ይህ ሥራ ከ2004 እስከ 2006 ዓ.ም. ድረስ የተካሄደ ሲሆን፥ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት የሆኑትን ልጃገረዶች ይመለከት ነበር። ነገሩ እጅግ ቀላል ነው። ልጃገረዶቹ በአካባቢው በሳል ሴቶች መሪነት በማኅበር ይሰበሰባሉ፤ ትምህርት ቤት ላሉት ደብተርና እስክርቢቶ ይሰጣል፥ ትምህርት ያቋረጡት በማኅበራቸው ማንበብና መጻፍ ይማራሉ፤ የቀበሌው ሰዎችም ስለ ጋብቻ ዕድሜ በግልጥ ይወያያሉ። ሁለት ዓመት ሳትዳር ለቈየች ልጅ ቤተ ሰብ አንዲት ፍየል ትሰጣለች። አናቤል ኤሩልካርና ዩኒስ ሙቴንጊ በ2009 ዓ.ም. ባሳተሙት ግምገማ፥ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የሞሰቦ ልጃገረዶች ሥራው ካልተደረገበት ቦታ እኩዮቻቸው ይልቅ በትምህርት ቤት የመገኘታቸው ዕድል ሦስት እጥፍ፥ የመዳራቸው ዕድል ግን አንድ ዐሥረኛ ሆኖ ተገኘ።

ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ላይ ግን ውጤቱ ሌላ ነበር፤ እንዲያውም በሞሰቦ ያሉት ይልቅ አግብተው ተገኙ። ይህን ተመራማሪዎቹ አልሸሸጉም፥ እኛም አንሸሽገውም። በልጅነቷ ያልተዳረች ዐሥራ አምስት ሲሞላት በቃት የተባለች ይመስለናል። ከዚያ ወዲህ በተደረገ ሌላ ሙከራ ከ15 እስከ 17 ዓመት ላሉት፥ ሳያገቡ ለቈዩበት ለያንዳንዱ ዓመት ሁለት ዶሮ በሚሰጥበት ቦታ የሚዳሩት በግማሽ ቀንሰዋል። ሁለት ዶሮ የልጅን ዕጣ ትለውጣለች ቢባል ማን ያምን ነበር? ልጅን ያለ ዕድሜዋ መዳር ሁልጊዜ ከክፋት አለመሆኑን ይህ ያሳያል፤ ድህነትም ድርሻ አለው።

የሕጉን ነገር በአጭሩ ለማስታወስ ያህል፥ በ1960 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15፥ ለወንድ 18 ዓመት ወስኖ ነበር፤ የ2000 ዓ.ም. የቤተ ሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አድርጎታል። ይሁን እንጂ በ2016 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 24 ከሆኑት ሴቶች መካከል 40 በመቶ የሚሆኑት 18 ዓመት ሳይሞላቸው የተዳሩ ነበሩ።

በዚህ ነገር ስለ ካህናት ወገን ዝም ብለን ብናልፍ አድልዎ ይሆንብናል። ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት ማግባት እንዳለበት፥ ሙሽራይቱም ክብረ ንጽሕናዋን የጠበቀች እንድትሆን መፈለጉ የታወቀ ነው። ሥርዐቱ በራሱ ትንሽ ልጅ አምጡ አይልም። ዳሩ ግን በገጠር ያለ ቤተ ሰብ ልጅ በሆነች መጠን ነገሩ የተረጋገጠ ይሆናል ብሎ ያስባል፤ ስለዚህ ለዲያቆን የምትታጨው ልጅ ዕድሜ ከሌላው ሙሽራ ዕድሜ እንዲያንስ ምክንያት ይሆናል። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እሺ ማለቷ ምን ያህል እሺታ ነው? በመንደሩ ውስጥ ይህን ጥያቄ ከካህኑ በቀር አንሥቶ የሚሰማ ሰው ጥቂት ነው።

በውጭ አገር የሚያገለግሉ አባቶች ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣባቸዋል። ልጁ ስለ ጾታው ወይም ልቡ ወደ ማን እንደሚሳብ የተናገረው ነገር ወላጆቹን አስደንግጦ፥ ቤት የሚበተንበት ጊዜ አለ። በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኬትሊን ራያንና ባልደረቦቿ ወደ ራሳቸው ጾታ የሚሳቡ፥ ዕድሜያቸው ከ21 እስከ 25 የሆኑ 224 ወጣቶችን፥ በጉርምስናቸው ጊዜ ቤተ ሰባቸው ምን እንዳደረገባቸው ጠይቀው ነበር። በ2009 ዓ.ም. እንደ ታተመው፥ ብዙ መገፋት የደረሰባቸው ጥቂት ከደረሰባቸው ወይም ካልደረሰባቸው ይልቅ ራሳቸውን ለመግደል ሞክረናል ማለታቸው ከስምንት እጥፍ በላይ ሆኗል። ጥናቱ ነጮችንና የላቲን አሜሪካ ተወላጆችን ብቻ የሚመለከት ስለ ሆነ ቍጥሩን እንዳለ ወደ እኛ ቤት ማምጣት አይገባም። ነገር ግን የደነገጠ አባት ውጣልኝ ሊል አፉን ሲከፍት፥ የነፍስ አባቱ አጠገቡ ተቀምጦ አንድ ሌሊት ታገሥ ቢለው፥ የልጁን ነፍስ ያተርፍ ይሆናል። ስለ ትምህርቱ የሚነጋገሩበት ቀን ልጁ በሕይወት ሲኖር ነው የሚመጣው።

ከዚህ ሁሉ ለመጀመር ገንዘብም ሆነ አዲስ ማኅበር አያሻም። የነፍስ አባት በበዓል ቀን ወደ ልጆቹ ቤት ይገባል፤ ጸሎት ያደርሳል፥ ይባርካል፥ ማዕድ ይቀርባል። ልጂቱ እጅ አስታጥባ ወደ ጓዳ ትመለሳለች፤ ጎረምሳው መስቀል ተሳልሞ ወደ ውጭ ይወጣል። ወሬው በታላላቆች መካከል ይቀጥላል። ወጥቶ ሳይሄድ፥ ና ልጄ፥ እዚህ አጠገቤ ተቀመጥ፥ ስንተኛ ክፍል ደረስህ፥ ማንስ ነው ጓደኛህ ቢሉት፥ መጀመሪያ አንገቱን ደፍቶ በአንድ ቃል ይመልስ ይሆናል። ለልጂቱም እንደዚሁ። በሚመጣው በዓል ደግሞ ያንኑ ጓደኛ በስሙ ጠርተው ደኅና ነው ወይ ብለው ይጠይቁት።