ዳገቱን በአውቶቡስ፥ ቁልቁለቱን በእግር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሐረር የሚጓዝ ሰው 325 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ በጨርጨር ተራራ ወገብ ላይ የተቀመጠች አንዲት ከተማ ያገኛል። ይህች ከተማ ዛሬ ጭሮ ትባላለች፤ ቀድሞ ግን በራስ ተፈሪ ስም አሰበ ተፈሪ ትባል ነበር፤ ብዙ ሰዎች አሁንም በዚሁ ስም ይጠሯታል። የጨርጨርን አውራጃ ከገዙት ሰዎች መካከል በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምና ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ይገኛሉ። ሁለቱም በውጭ አገር የተማሩ ነበሩ፤ አውራጃውም ለሌሎቹ ምሳሌ እንዲሆን ታስቦ ነበር።

ልጆች ሆይ፥ መኪና መልካም ነገር ነው። ሽማግሌውንና ሕመምተኛውን ካሰበበት ያደርሳል፤ ቡናውንና ጫቱን ለገበያ ያወጣል። ነገር ግን መኪና መንገዱን እንጂ አገሩን አያሳይም። አንድ ተማሪ ከጭሮ እስከ ገለምሶ ብዙ ጊዜ ተመላልሶ ነበርና መምህሩ፥ «በመንገድ ያየኸው ምንድር ነው?» ብለው ጠየቁት። እርሱም ጥቂት አስቦ፥ «ከፊቴ የተቀመጠውን ሰው ጀርባ» ብሎ መለሰ። ልጆቹ ሁሉ ሳቁ፤ ከሳቁትም ውስጥ የተሻለ መልስ የነበረው አልተገኘም።

ስለዚህ ሁለቱን ማስማማት ይሻላል። ዳገቱን በአውቶቡስ ውጡ፥ ቁልቁለቱን በእግራችሁ ውረዱ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ወዴት እንደምትሄዱም ለቤተ ሰቦቻችሁ ንገሩ። የመጨረሻው መኪና በስንት ሰዓት እንደሚመለስ አስቀድማችሁ በመናኸሪያው ጠይቁ፤ የሚጠጣ ውሃ ያዙ። በሰው ማሳ ዳር ስታልፉ ባለ እርሻውን፥ «አካም ጅርቱ» ብላችሁ ሰላምታ ስጡ። ብዙ ጊዜ ከቡና ቅጠል ወይም ከቅርፊቱ ከወተት ጋራ የፈላ ሆጃ ይጋብዟችኋል፤ አቋራጩንም መንገድ እንደ እነርሱ አድርጎ የሚያሳይ የለም።

ከጭሮ ወደ ሚኤሶ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው። ጭሮ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል፥ ሚኤሶ ደግሞ 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ይላሉ። አየር አንድ መቶ ሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር ከግማሽ ዲግሪ በጥቂቱ የሚበልጥ ሙቀት ስለሚጨምር፥ ወራጁ ሰው ሚኤሶ ሲደርስ ሦስት ዲግሪ ያህል የሚሞቅ አየር ያገኛል። በመኪና የተቀመጠ ሰው ይህን የሚያውቀው መስኮት ክፈቱልኝ ሲል ነው፤ እግረኛው ግን ጥቂት በጥቂት ያየዋል። መጀመሪያ ባሕር ዛፉና የጫቱ ተክል ይቀራል፤ ከዚያ ማሽላው ብቻውን ይሆናል፤ በመጨረሻ ግራርና ግመል ይመጣል። በሚኤሶ ሜዳ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው የባቡር ሐዲድ አለ፤ ርዝመቱ በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ የባቡር መንገድም መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በዚያው በኩል ያልፋል።

እኔ ተማሪ ሳለሁ ከሦስት ጓደኞቼ ጋራ በዚህ ቁልቁለት በእግር ወረድሁ። ሜዳው አጠገብ ስንደርስ አንድ ሰፊ ደረቅ ወንዝ አገኘን፤ አሸዋ ብቻ እንጂ አንድ ጭልፋ ውሃ እንኳ አልነበረበትም። ልንሻገር ስንል ፍየል የሚጠብቁ አንዲት አሮጊት ከማዶ ጮኹብን፤ «ልጆቼ፥ አትውረዱ! ላይ ጨርጨር ጠቁሯል!» አሉን። እኛ ቀና ብለን ብናይ ሰማዩ የጠራ ነው። በዚያ አገር ትልቅ ሴትን በአክብሮት አዴ ይሏታልና፥ «አዴ፥ ፀሐይዋ እኮ እያቃጠለችን ነው» ብዬ መለስሁና ሳቅሁ። በዚህ ሳቅ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። አንዱ ጓደኛችን ጫማውንና ደብተሩን በእጁ ይዞ ወደ አሸዋው ወረደ። እመካከሉ ሲደርስ ከላይ በኩል ብዙ ወፍጮ ባንድነት የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ሰማን። ወዲያው ቀይ ውሃ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ መጣ። ልጁ ጫማውንም ደብተሩንም ጥሎ ሮጠ፤ እኛም እጁን ይዘን ጎትተን አወጣነው። ጫማው ሄደ። አሮጊቲቱን ይቅርታ ልንለምናቸው ዞር ብንል፥ ፍየሎቻቸውን ነድተው ሄደዋል።

ያ ውሃ ከየት መጣ? በእኛ ላይ ያልዘነበው ዝናብ በተራራው ላይ ዘንቦ ነበር። የተራራው ጎን ዛፍና ሣር ሲኖረው ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይጠጣውና በብዙ ቀን ጥቂት በጥቂት ይለቀዋል። ጎኑ ከተራቆተ ግን ውሃው አፈሩን ይዞ ባንድ ሰዓት ይወርዳል። ቀይ የነበረው ስለዚህ ነው፤ ያ ቀይ ነገር የአንድ ገበሬ ማሳ ነበር። በጨርጨር ዳገት ላይ በድንጋይ የተካበ እርከን ስታዩ፥ ላዩ ላይ ዘላችሁ አታፍርሱት፤ የላይኛውን ሰው እህል፥ የታችኛውንም ሰው ሕይወት የሚጠብቅ ነውና።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ውሃው የተነሣበትን ቦታ ለማየት ፈለግን። ወደ ገለምሶ የሚሄደውን አውቶቡስ ይዘን ቁኒ ላይ ወረድን። ቁኒ ደጋ ነው፤ በጠዋት ጋቢ ያስለብሳል፤ ገብሱና ጥዱ ገና ከመኪናው ሳይወርዱ ይታያሉ። ከዚያ ወደ ተራራው ጀርባ በእግር ወጣን። ይህ የጨርጨር ጀርባ የውሃ ድንበር ነው። በሰሜኑ ጎን የወደቀ ጠብታ ወደ አዋሽ ሸለቆ ይወርዳል፤ በደቡቡ ጎን የወደቀው እንደ ራሚስ ባሉት ወንዞች አድርጎ ወደ ዋቢ ሸበሌ ይሄዳል። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጅቡቲ ጠረፍ በአቤ ሐይቅ ውስጥ ያበቃል። ዋቢ ሸበሌም ወደ ሶማሊያ ገብቶ ወደ ባሕሩ ይቀርባል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ጁባ ወንዝ ሳይደርስ በረግረግና በአሸዋ ውስጥ ይጠፋል። ከአንድ ደመና የወጡት ሁለቱ ጠብታዎች ተለያይተው፥ ሁለቱም ባሕር አይደርሱም። ይህን ነገር መምህራችን በሰሌዳ ላይ ሥለውልን ነበር፤ እኔ ግን የገባኝ አንድ እግሬን ወዲህ፥ አንዱን ወዲያ አድርጌ በቆምሁ ጊዜ ነው።

በዚሁ በቁኒ ተራራ አካባቢ የደጋ አጋዘን ይኖር ነበር። ወንዱ የተጠማዘዘ ረጅም ቀንድ፥ በጎኑም ነጫጭ ነጠብጣብ አለው። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በዱር የሚኖርበት ሌላ አገር የለም፤ እርሱም ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምሥራቅ ባሉት እንደ ባሌ፥ እንደ አርሲና እንደ ጨርጨር ባሉ ተራሮች ነው። የሳይንስ ሰዎች ስም አውጥተው የጻፉለት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1910 ዓ.ም. ነው። በዚሁ አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. የቁኒ ሙክታር መጠበቂያ ተብሎ ቦታ ተከለለለት። ነገር ግን በሚከተለው ዓመት መንግሥት ሲለወጥ ጥበቃው ላላ፤ ዛፉ ተቆረጠ፥ መሬቱም ታረሰ። ያረሱት ሰዎች ክፉዎች ስለ ሆኑ አይደለም፤ ልጅ የሚያበሉት አጥተው ነው። ቢሆንም አጋዘኑ ተመናመነ። እኛ በዚያ ቀን አንድም አላየንም፤ አሮጌ የጥድ ጉቶ ግን ብዙ አየን።

ከቀትር በኋላ በላያችን ደመና ተሰበሰበና ትላልቅ ጠብታ መጣል ጀመረ። እኛም ወደ መንገዱ ሮጥን። ጫማው የሄደበት ጓደኛችን ግን ዘወር ብሎ ወደ ሰሜን ተመለከተ። እሩቅ ታች የሚኤሶ ሜዳ በፀሐይ ያበራ ነበር። «አሁን እዚያ ማን ይሆን የሚሻገር?» አለ። የመለሰለት አልነበረም። መኪናው መጣና ገባን፤ በዚያ ቀን እስከ ጭሮ ድረስ ከመካከላችን አንድ እንኳ ያንቀላፋ ልጅ የለም።