ብዙ ረድፍ ያለውን ቅጽ በገጽ መከፋፈል፦ በጃንጎ እንዴት ይሠራል?

አንድ ትምህርት ቤት የ1,200 ተማሪዎችን ውጤት መምህራን ብራውዘር ላይ እንዲሞሉ ይፈልጋል እንበል። በጃንጎ ሞዴል ፎርምሴት ሮስተሩን አንድ ገጽ ላይ ማውጣት ቀላል ነው፤ በአሥር ተማሪ ሲሞከርም ያለ እንከን ይሠራል። እውነተኛው መረጃ ሲገባ ግን «አስቀምጥ» በተባለ ቁጥር ሰርቨሩ በስህተት ቁጥር 400 ይመልሳል።

ምክንያቱ ሒሳብ ነው። ጃንጎ ከ1.10 ጀምሮ በአንድ ጊዜ ከ1,000 በላይ መስኮች ሲላኩለት በነባሪ አይቀበልም። ስውሩ መለያ ቁጥር፣ ሦስት የውጤት መስኮችና አንድ አስተያየት ካለ ለአንድ ተማሪ 5 መስክ ይሄዳል። ፎርምሴቱ ራሱ የሚጨምራቸው 4 ስውር መስኮችና የሲኤስአርኤፍ ቶክኑ ሲደመሩ፣ ትርፍ ባዶ ረድፍ ከሌለ፣ በ199 ተማሪ ልክ 1,000 ይሞላል፤ 200ኛው ሁሉንም ያስመልሳል። ምልክት የሚደረግበት ሳጥን ካለ ደግሞ ችግሩ ይደበቃል፤ ብራውዘር ባዶውን ሳጥን ስለማይልክ ያው ገጽ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ እምቢ ይላል። ፒኤችፒም በነባሪ ያው የ1,000 ገደብ አለው፤ እሱ ግን ማስጠንቀቂያ ብቻ መዝግቦ ትርፉን ቆርጦ ይጥላል። በግልጽ እምቢ የሚለው ጃንጎ ይሻላል። ገደቡን በሴቲንግ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን የተቀመጠው ሰርቨሩን ሆን ተብሎ ከሚላክ ጎርፍ ለመጠበቅ ነውና ባይነካ ይመረጣል።

ስለዚህ መፍትሔው ዝርዝሩን በገጽ መከፋፈል ነው። በመጀመሪያ ቅደም ተከተሉን አጽኑ። በስም ብቻ ከደረደራችሁ ሞክሼዎች በየጊዜው ቦታ ሊለዋወጡ፣ አንዱ ሁለት ገጽ ላይ ሲታይ ሌላው ከሁለቱም ሊጠፋ ይችላል። ከስም ቀጥሎ መለያ ቁጥሩን ጨምሩ። (ሃይሉ፣ ሐይሉና ኃይሉ ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ስሞች መሆናቸውንም አስቡ። ተራርቀው ሦስት ገጽ ላይ ሊወጡ ስለሚችሉ መፈለጊያ ሳጥኑ ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ ይፈልግ።)

ቀጥሎ ዝርዝሩን በጃንጎ ፔጂኔተር ከ25 እስከ 50 ረድፍ ክፈሉ። ጃንጎ አንዴ የተቆረጠ ክዌሪሴትን እንደገና ማጣራትም መደርደርም አይፈቅድም። ከገጹ መለያ ቁጥሮቹን ብቻ ውሰዱና በእነሱ የተጣራ አዲስ ክዌሪሴት በዚያው ቅደም ተከተል ደርድራችሁ ለፎርምሴቱ ስጡ። የፎርምሴቱን ኤክስትራ የሚባለውን ሴቲንግም 0 አድርጉት፤ አለበለዚያ በየገጹ ግርጌ አንድ ባዶ ተማሪ ይወጣል።

ዋናው አደጋ ያለው ሲቀመጥ ነው። መምህሯ ገጽ 3ን ከፍታ ስትሞላ ሬጅስትራሩ ስሙ በ«ሀ» የሚጀምር አዲስ ተማሪ መዘገበ እንበል። ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ በአንድ ተገፍተው የገጽ 3 የመጨረሻ ተማሪ ወደ ገጽ 4 ያልፋል። መምህሯ ስታስቀምጥ ኮዳችሁ «ገጽ 3» ብሎ እንደገና ከቆጠረ ያ ተማሪ በክዌሪሴቱ ውስጥ አይገኝም፤ ፎርምሴቱም ረድፉን ዘሎ ሌሎቹን ያስቀምጣል። መምህሯ «ተቀምጧል» የሚለውን አንብባ ትወጣለች፣ የልጁ ውጤት ግን የለም። ስለዚህ ሲቀመጥ የገጹን ቁጥር እርሱት። ቅጹ ይዞ የመጣውን መለያ ቁጥሮች አንብቡ፣ ያቺ መምህር እንድታርም ከተፈቀዱላት ተማሪዎች ጋር አመሳክሩ፣ በሁለቱም ውስጥ ያሉትን ብቻ ለፎርምሴቱ ስጡ። ማመሳከሩ ከተዘለለ ስውሩን ቁጥር ብራውዘር ላይ የለወጠ ሰው የሌላ ክፍል ተማሪን ውጤት ያርማል። ከመጣው ቁጥር አንዱ ከጎደለ ደግሞ ዝም አትበሉ፣ ለተጠቃሚው ንገሩ።

«ቀጣይ» የሚለውን ተራ ሊንክ አታድርጉት፤ የተሞላው ሳይቀመጥ ይጠፋል። «አስቀምጥና ቀጥል» የሚል የቅጹ አዝራር ይሁን። ስህተት ከተገኘ የተሞላውን ቅጽ እንዳለ መልሳችሁ አሳዩ፤ ትክክል ከሆነ ብቻ ወደሚቀጥለው ገጽ አዙሩ።

በረድፉ ውስጥ ከዳታቤዝ የሚሞላ ተቆልቋይ ዝርዝር ካለ ለ50 ረድፍ 50 ጊዜ ዳታቤዙን ይጠይቃል። ምርጫዎቹን አንዴ አምጥታችሁ ለሁሉም ቅጾች አካፍሉ። ሁለት ሰዎች የአንድን ተማሪ ውጤት በአንድ ጊዜ የሚያርሙ ከሆነ ደግሞ የመጨረሻውን እርማት ሰዓት በስውር መስክ ላኩና ሲመለስ አወዳድሩ፤ ከተለወጠ የኋለኛው የፊተኛውን እንዳይሽር አስቁሙት።

ከማስረከባችሁ በፊት አንድ ገጽ በሁለት መስኮት ክፈቱ። በአንዱ ከፊት የሚገባ ተማሪ መዝግቡ፣ በሌላው የመጨረሻውን ረድፍ ሞልታችሁ አስቀምጡ፣ ከዚያ ዳታቤዙን ራሱን ተመልከቱ። ውጤቱ እዚያ ከሌለ ሮስተሩ ገና ለመምህራን አይሰጥም።