ስም አንድ፣ ጉልበት ሁለት

ለዘንድሮው መጽሔታችን ስለ ምን ልጻፍ ብዬ ሳስብ፣ ከቤታችን ከደረሰው ነገር የተሻለ ርእስ አላገኘሁም። ነገሩ ስለ ኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ ነው፤ የተጀመረው ግን ከድንች ነው።

አባቴ በላይ ጋይንት ገበሬ ናቸው። ባለፈው ዓመት የድንችና የአንድ ወይፈን ዋጋ አጠራቅመው ለታላቅ ወንድሜ ሰጡት። ወንድሜ ነፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ ፎቶ ቤት አለውና የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብርበት ኮምፒውተር እንዲገዛ ነበር። እርሱም ደብረ ታቦር ሄዶ የአንድ ባልንጀራውን ዴስክቶፕ አይቶ መጣ። «ካርዱ አርቲኤክስ 3060 ነው፤ ከባዱን ቪዲዮ ሁሉ ሳይደናቀፍ ይሠራዋል» አለኝ። እኔም በክፍላችን ኮምፒውተር አዋቂ ተብዬ የምጠራ ስለሆንሁ፣ «እንግዲያውስ ያንኑ ካርድ የያዘ ላፕቶፕ ግዛ፤ መብራት ሲጠፋም ትሠራበታለህ» ብዬ መከርሁት። ምክሬን ሰማ፤ ገዛም። በመጀመሪያው ሠርግ ግን ቪዲዮው እየቆመ እየሄደ አስቸገረው፤ ጥራቱ ከፍ ያለውን ፊልም ከነማሳመሪያው ሲጭንበትም የካርዱ ሜሞሪ ሞልቷል የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ። ወንድሜ ምንም አላለኝም። አባቴ ግን ማታ ከምድጃው ዳር ተቀምጠው፣ «ልጄ፣ ካርዱ አንድ ነው ብለኸን አልነበረም?» ሲሉ ጠየቁኝ። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ ጥያቄ ነው።

መልሱን ካርዱን ከሚያወጣው ከኤንቪዲያ ኩባንያ ሰንጠረዥ አገኘሁት። የታወቀው የዴስክቶፕ 3060 12 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው፤ የላፕቶፑ 6 ብቻ ነው። ወንድሜን ያስቸገረው የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። ዴስክቶፑ እስከ 170 ዋት ሲበላ፣ የላፕቶፑ እንደ ሠሪው ፈቃድ ከ60 እስከ 115 ዋት ይሰጠዋል። የእኛው በ80 ዋት የተወሰነ ሆኖ ተገኘ። የሚያስገርመው፣ ኮር የሚባሉት ጥቃቅን ሠራተኞች በላፕቶፑ ውስጥ መብዛታቸው ነው፤ በዴስክቶፑ 3584 ሲሆኑ በላፕቶፑ 3840 ናቸው። ሠራተኛው በዝቶ እንጀራው አነሰ ማለት ነው። ስለዚህ የዴስክቶፑ ኮሮች እስከ 1777 ሜጋኸርትዝ ሲሮጡ፣ የላፕቶፑ እንደሚሰጣቸው ዋት ጣሪያቸው ከ1283 እስከ 1703 ይሆናል።

ታዲያ ሠሪዎቹ ስለ ምን ይሰስታሉ? በፊዚክስ ክፍል እንደተማርነው፣ ካርዱ የሚበላው ኤሌክትሪክ በመጨረሻ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። 170 ዋት የሚበላ ካርድ እንደ 170 ዋት ማሞቂያ ነው። ከእናቶቻችን የኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ምጣዱ ከ3000 ዋት በላይ ይወስዳልና። ነገር ግን ምጣድ እንዲግል ይፈለጋል፤ ካርድ እንዳይግል። የዴስክቶፑ ካርድ ሙቀት የሚበትኑ ሰፋፊ የብረት ክንፎችና ትልልቅ ማራገቢያዎች አሉት፤ በሣጥኑ ውስጥም እንደ ልቡ ይተነፍሳል። የላፕቶፑ ካርድ ግን በቀጭን ገላ ውስጥ ተጨንቆ፣ ብዙ ጊዜም የማቀዝቀዣውን የመዳብ ቧንቧ ከፕሮሰሰሩ ጋር ተጋርቶ ይኖራል።

የከተማችን ስም ነፋስ መውጫ መሆኑ እዚህ ላይ ያሥቀኛል፤ የላፕቶፕ ችግር በአጭሩ ነፋስ መውጫ ማጣት ነውና። ያለንበት ቦታ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ማራገቢያው የሚገፋው ነፋስ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ደግነቱ ብርዱ ይክሰናል። ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው በስማዳ ቆላ ያሉ ወገኖቻችን ግን ይህ ካሳ የላቸውም።

ዋቱ በግማሽ ቢቀነስ ግን ሥራው በግማሽ አይቀነስም። ኮሮቹ በፈጠኑ ቍጥር ቮልቴጁ ከፍ ማለት አለበት፤ ፍጆታው ደግሞ ከፍጥነቱ በላይ በቮልቴጁ ስኩዌር ልክ ያድጋል። ስለዚህ የመጨረሻዋ ጥቂት ፍጥነት ብዙ ዋት ታስከፍላለች። የላፕቶፕ ሠሪዎች የሚተዉት ያችን ውድ ክፍል ነው፤ ይህን ሳውቅ ጥቂት ተጽናናሁ።

ስለ ስሙ ግን አልተጽናናሁም። ኤንቪዲያ ቀድሞ በላፕቶፕ ካርዶቹ ስም መጨረሻ «ኤም» የምትል ፊደል ያደርግ ነበር። ጂቲኤክስ 980ኤም ሲባል ከ980 የተለየ መሆኑ ይታወቅ ነበር፤ የዴስክቶፑ ኮር 2048፣ የላፕቶፑ 1536 ነውና። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጡት ካርዶች ላይ ፊደሏ ቀረች። የዚያን ጊዜው ጂቲኤክስ 1080 በሁለቱም ዘንድ 2560 ኮር ስለነበረው መቅረቷ ብዙ አላሳሳተም። ኋላ ልዩነቱ ሲመለስ ፊደሏ አልተመለሰችም። በእርግጥ በሰንጠረዡ ላይ «ላፕቶፕ ጂፒዩ» የሚል ቃል ይጨመራል፤ በገበያ ላይ ግን ያችን ቃል የሚናገራት የለም። የባሰውን ላሳያችሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የዴስክቶፕ አርቲኤክስ 4090 16384 ኮርና 24 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው፤ እስከ 450 ዋትም ይበላል። በ2023 የወጣው የላፕቶፕ 4090 ግን 9728 ኮርና 16 ጊጋባይት ነው፤ ይህ ቍጥር በዴስክቶፕ በኩል የ4080 ቍጥር ነው። በ4060 ዘንድ ደግሞ በሁለቱም 3072 ኮርና 8 ጊጋባይት ስለሆነ፣ ልዩነቱ ይበልጡን የዋት ነው፤ ዴስክቶፑ 115፣ ላፕቶፑ ከ35 እስከ 115። እንግዲህ ከስሙ ተነሥቶ ልዩነቱ ይህን ያህል ነው ማለት አይቻልም፤ በየካርዱ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለ መብራት መጥፋት የሰጠሁት ምክርም ግማሹ ብቻ እውነት ሆነ። የላፕቶፕ ባትሪ፣ ያለ ልዩ ፈቃድ በአውሮፕላን እንዲገባ ሲባል፣ ብዙውን ጊዜ ከ100 ዋት ሰዓት አያልፍም። 80 ዋት የሚበላ ካርድ ከፕሮሰሰሩና ከስክሪኑ ጋር ቢሠራበት አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ በባትሪ ሲሆን የካርዱን ዋት ራሱ ይቀንሳል። ቢሆንም ሥራን አስቀምጦ ለመዝጋት ይበቃል። ዴስክቶፕ ግን ዩፒኤስ ከሌለው መብራት በጠፋ ጊዜ ያልተቀመጠውን ሥራ ይዞ ጭልም ይላል።

ይህን ሁሉ ለአባቴና ለወንድሜ ነገርኋቸው። አባቴ፣ «እንግዲያውስ ድንጋዩ አንድ፣ ሞተሩ ሁለት ዓይነት የሆነ ወፍጮ ነው በለኛ» አሉ፤ ከእኔ ይልቅ አሳጥረው ገለጹት። ወንድሜ አሁን ላፕቶፑን በሁለት እንጨት ላይ ከፍ አድርጎ፣ ከመብራት ሳይነቅል ይሠራል። ፊልሙንም አስቀድሞ ወደ ቀላል ቅጂ ለውጦ ይቈርጠውና፣ በመጨረሻ ብቻ ዋናውን ይመልሳል። ሠርጎቹ በቀናቸው ደርሰዋል።

የላፕቶፑ ካርድ ከሰሌዳው ጋር የተበየደ ስለሆነ በሌላ አይለወጥም። የደብረ ታቦሩ ባልንጀራው ግን የዴስክቶፑን ካርድ ነቅሎ አዲስ ሊያስገባ ነው፤ አሮጌውንም 3060 ለወንድሜ ሊሸጥለት አስቧል። ሣጥኑ፣ ፕሮሰሰሩና ዩፒኤሱ ስንት እንደሚያወጡ እንዳሰላ ታዝዣለሁ። ኩባንያው ለዚህ ካርድ የሚመክረው ፓወር ሳፕላይ 550 ዋት ነው፤ በወረቀቴ ላይ አስቀድሜ የጻፍሁትም እርሱን ነው።