ሄሊኮፕተር በሙቀት ጊዜ ጭነቱን ለምን ይቀንሳል?



እህል የጫነ ሄሊኮፕተር ሲነሣ ያዩ ሰዎች ብዙ ጊዜ፣ «ቦታ እያለው ስለ ምን ከረጢቱ ሁሉ አልተጫነም?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ ያለው በአየሩ ውስጥ ነው። በአዋሽ ሸለቆ ለሚሠሩ ሠራተኞችም ሆነ ከሩቅ ሆነው ለሚረዱ ምእመናን ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

1. ሄሊኮፕተር እንዴት ይነሣል?

አውሮፕላን ክንፉ በቂ አየር እንዲያገኝ መሬት ላይ መሮጥ አለበት። ሄሊኮፕተር ግን ክንፎቹን ራሳቸውን ያሽከረክራል። አብራሪው በግራ እጁ የያዘውን ዘንግ ወደ ላይ ሲስብ ክንፎቹ ይበልጥ ያጋድላሉ፤ አየሩን ወደ ታች ይገፉታል፤ ሄሊኮፕተሩም ይነሣል። በጅራቱ ያለው ትንሹ ተሽከርካሪ ደግሞ አካሉ በተቃራኒ አቅጣጫ እንዳይዞር ይይዘዋል።

2. ሙቀት ምን ያደርጋል?

አየር ሲሞቅ ይሰፋል፣ ይሳሳል። የሳሳ አየር የመሸከም ኃይሉ ያንሳል። ሰመራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ400 ሜትር ብዙም አትርቅም። ሆኖም ሙቀቱ 42 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ለአብራሪው 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እንዳለ ይቆጠራል። አዋሽ ከተማ ደግሞ ከሰመራ ከፍ ስለምትል፣ በሞቃት ቀን ከፍታውም ሙቀቱም ይደራረቡባታል።

ንጋት ላይ 27 ዲግሪ የነበረው አየር ቀትር ላይ 42 ሲደርስ 5 በመቶ ያህል ይሳሳል። ሚ-8 የተባለው ሄሊኮፕተር ከነጭነቱ እስከ 12 ቶን ሆኖ ይነሣል፤ የዚህ 5 በመቶ 600 ኪሎ፣ ማለትም 6 ኩንታል ነው። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ቢታደል፣ ይህ የ40 ሰዎች የወር ቀለብ ነው! ሞተሩም በሙቀት ስለሚደክም ትክክለኛውን ልክ የሚወስነው አብራሪው ከሰንጠረዡ አይቶ ነው።

ከፍታም እንዲሁ ያደርጋል። በ1977 ዓ.ም. በረሃቡ ዘመን ለእርዳታ የመጡት የፖላንድ ሚ-8 ሄሊኮፕተሮች በደጋው ያገለገሉት በእንዲህ ያለ ስስ አየር ነበር።

3. ስለ ማኮብኮቢያ

በማኮብኮቢያ ጫፍ የተጻፈው ቁጥር አቅጣጫን ያመለክታል። በ10 ሲባዛ የኮምፓስ ዲግሪ ይሆናል። በአዲስ አበባ ቦሌ 07 እና 25 ማለት 70 እና 250 ዲግሪ ነው። አውሮፕላን ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ ስለሚነሣ፣ አብራሪው እንደ ነፋሱ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። በስስ አየር ረጅም ሩጫ ያስፈልጋል፤ የቦሌ ማኮብኮቢያዎች እያንዳንዳቸው ከ3,500 ሜትር የሚበልጡት ያለ ምክንያት አይደለም። በሰመራው ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ አውሮፕላን ማረፊያም የቀትር ሙቀት የአውሮፕላኑን ሩጫ ያስረዝማል።

4. በማረፊያው ቦታ

ሀ. ጭነቱ በዋዜማው ተመዝኖ ይደር፤ በረራው በማለዳ ይሁን።
ለ. «ትንሽ ነው» ተብሎ ያልተመዘነ ዕቃ አይጨመር።
ሐ. ሸራ፣ ባዶ ከረጢትና ነጠላ በነፋሱ ተነሥቶ ክንፎቹን እንዳይመታ ይያዝ።
መ. አብራሪው ምልክት ሲሰጥ፣ እርሱ እያየን ከፊት ለፊት እንቅረብ። ወደ ጅራቱ ፈጽሞ አይኬድ። ከዳገቱ ወገንም አይመጣ፤ ክንፉ በዚያ በኩል ለመሬት ይቀርባልና።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በረራው ከንጋት ወደ ቀትር ቢዘገይ፣ ምን ያህል ቤተሰብ ሳይደርሰው ይቀራል?
2. 6 ኩንታል ሳይጫን ቢቀር፣ በማረፊያው ለሚጠባበቁት ምክንያቱን ማን ያስረዳቸው? እንዴትስ?